ከበርበሬ በረንዳ እስከ እህል በረንዳ፦ የአንድ አሲድ ታሪክ

መርካቶ በርበሬ በረንዳ ገብቶ ሳያስነጥስ የወጣ ሰው አላውቅም። የበርበሬውን ብናኝ አልፋችሁ፣ ጥቁር አዝሙዱንና ኮረሪማውን ተሻግራችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ግን ሌላ ሽታ ይቀበላችኋል፤ ጣፋጭም መራራም የሚመስል፣ ልብስ ላይ ከያዘ ቶሎ የማይለቅ። የአብሽ ሽታ ነው። በቅርቡ ለክፍል ማሳያ ግማሽ ኪሎ ልገዛ ሄጄ ሻጯ እናት «ለአራስ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ለትምህርት ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። «አብሽ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

እዚያው ቆሜ ልመልስላቸው አልቻልኩም። ከኋላዬ ኩንታል የተሸከመ ሰው «ዞር በል!» እያለ ይመጣል፤ መርካቶ ደግሞ ቆሞ ለማውራት አይመችም። መልሱም ረዘም ይላል። ከጀርመን ቤተ ሙከራ ይነሳና በስፔንና በጣሊያን የበቆሎ ማሳ፣ በአሜሪካ የእስረኞች እርሻ አልፎ፣ ከአብሹ ተራ ብዙም ሳይርቅ እህል በረንዳ ላይ ያርፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1885 ኤርንስት ያንስ የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከአብሽ ፍሬ ውስጥ አንድ ነጭ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። የአብሽ ሳይንሳዊ ስም ትሪጎኔላ ስለሆነ ንጥረ ነገሩን ትሪጎኔሊን አለው። ይሄ ትሪጎኔሊን ሲመረመር ቀደም ብሎ ከሚታወቅ ሌላ ነገር ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ዘመዱ የተገኘው ደግሞ ማንም ከአብሽ ጋር ከማያያይዘው ቦታ፣ ከትምባሆ ነበር። በ1867 ሁበር የተባለ ኬሚስት የትምባሆን መርዝ፣ ኒኮቲንን፣ በጠንካራ ኬሚካል አቃጥሎ አንድ አሲድ አገኘ። በ1873 ቫይደል የተባለ ሌላ ኬሚስት ይሄንኑ አሲድ ሠርቶ አጠና። ስሙም ከወላጁ ተወስዶ ኒኮቲኒክ አሲድ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። ኒኮቲኒክ አሲድ ኒኮቲን አይደለም። ሱስ አያስይዝም፣ እንደ ኒኮቲንም አይመርዝም። ስሙ ግን ጣጣ አምጥቶበታል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ቅርጹ እንዴት ያለ ነው? ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አስቡት። አምስቱ የአንድ ቤት ልጆች፣ ካርቦኖች ናቸው። ስድስተኛው እንግዳ ነው፤ ናይትሮጅን። ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን፣ ከካርቦን ሌላ ባዕድ አተም የገባበትን ቀለበት ሄትሮሳይክሊክ ይሉታል። ይሄ ባለስድስት ቀለበት ብቻውን ሲሆን ፒሪዲን ይባላል፤ ሽታው የሚያስጠላ ፈሳሽ ነው። አሁን ከናይትሮጅኑ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ ናይትሮጅኑ አንድ፣ ቀጥሎ ያለው ካርቦን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ሦስተኛው ላይ አንድ ካርቦን፣ ሁለት ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የያዘ የአሲድ ቡድን አንጠልጥሉበት። ኒኮቲኒክ አሲድ ማለት ይሄው ነው። በጠቅላላው ስድስት ካርቦን፣ አምስት ሃይድሮጅን፣ አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ኦክስጅን፤ አሥራ አራት አተም ብቻ።

ትንሽነቱን አትናቁት። ይሄ ሞሎኪውል ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ጫፍ ያለው የአሲድ ቡድን ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ናይትሮጅን ሃይድሮጅን ይቀበላል። አንዱ እጅ ሰጪ፣ አንዱ እጅ ተቀባይ ነው ማለት ነው። ንጹሑ ነጭ ደቃቅ ነው፣ ትንሽ ይጎመዝዛል፣ በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም፣ በሙቅ ውሃ ግን በደንብ ይሟሟል። የሚቀልጠው 236 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ብርሃን፣ አየር፣ የምድጃ ሙቀት ብዙም አያጠፋውም። ቫይታሚን ሲ ድስት ውስጥ ሲንገላታ የሚያልቀውን ያህል ይሄኛው ግትር ነው። ይህን ግትርነቱን ያዙልኝ።

ታዲያ ትሪጎኔሊን ከዚህ በምን ይለያል? በአንድ ቆብ። የአብሹ ሞሎኪውል ያው ኒኮቲኒክ አሲድ ሆኖ ናይትሮጅኑ ላይ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዘ ቆብ ደፍቷል። ተቀባዩ እጅ ተሸፍኗል ማለት ነው። ሰውነታችን ያንን ቆብ በደንብ ማውለቅ አይችልበትም። አብሽ ስንጠጣ የገባው ትሪጎኔሊን አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ሻጯ እናት ለአራስ ብለው የሚሸጡት አብሽ ሌላ ሌላ ጥቅም ቢኖረውም፣ በጥሬው የዚህ አሲድ ምንጭ ነው ማለት አይቻልም።

ሰውነት በደንብ የማያወልቀውን ቆብ ግን እሳት ያወልቀዋል። ይሄንን በየቀኑ የሚሠሩት ደግሞ ሳይንቲስቶች አይደሉም፤ ቡና የሚቆሉ ሰዎች ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትሪጎኔሊን ጥሬ ቡና ውስጥም እንዳለ ታወቀ። መጠኑ ቀላል አይደለም፤ ከጥሬ ቡና ክብደት መቶኛ አንድ አካባቢ ነው። መቶ ግራም ጥሬ ቡና ወደ አንድ ግራም ትሪጎኔሊን ይይዛል ማለት ነው። ቡናው ታጥቦ ብረት ምጣዱ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ እርጥበቱ ይተናል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ መፈንዳት ይጀምራል። ሙቀቱ ከ180 ዲግሪ ከፍ እያለ ሲሄድ ትሪጎኔሊኑ መበታተን ይጀምራል። አብዛኛው ወደ ሌሎች ትንንሽ ቀለበቶች ይለወጥና በጭስ መልክ ይሄዳል። እንግዶች በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ «እሰይ!» የሚሉለት መዓዛ ውስጥ የእነዚህ ቀለበቶች ድርሻ አለበት። ጥቂቱ ግን ቆቡን ብቻ ጥሎ ይቀራል። እሱ ኒኮቲኒክ አሲድ ነው፤ ግትር ስለሆነም የፈጠረው እሳት አያጠፋውም።

ምግብ ሲበስል ቫይታሚን ይቀንሳል ሲባል ነው የምንሰማው። ቡና ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጥሬው ላይ ከቁጥር የማይገባው አሲድ ሲቆላ ብዙ እጥፍ ይሆናል። መቶ ግራም የተቆላ ቡና እንደ አቆላሉ ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል፤ ጠቆር ሲል ይበልጣል። አንድ ስኒ ቡና አንድ ሚሊ ግራም አካባቢ ይሰጣል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። አዋቂ ወንድ በቀን 16፣ ሴት 14 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል። በሙቅ ውሃ በደንብ የሚሟሟ ስለሆነ ብዙው በአቦሉ ይወጣል፤ ለሦስተኛው የሚቀረው ጥቂት ነው። በረካ ላይ የሚደርስ ሰው በረከቱን እንጂ ቫይታሚኑን አይጠብቅ።

ቫይታሚን ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ይሄ አሲድ በሌላ ስሙ ቫይታሚን ቢ ሦስት ነው። ያ ስም የተገኘበት መንገድ ግን ረጅምና አሳፋሪ ነው። ያም መንገድ የሚጀምረው በበቆሎ ነው።

በቆሎ ለአሮጌው ዓለም አዲስ እህል ነው። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገረው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው፤ ወደ እኛም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በሰሜኑ አገራችን ክፍል «የባሕር ማሽላ» የሚሉት ሰዎች አሉ። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ማሽላ የመሰለ። በሄደበት ሁሉ ድሃ ወደደው። ምርቱ ብዙ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ይጠግባል።

በ1735 ጋስፓር ካሳል የተባለ የስፔን ሐኪም በአስቱሪያስ ገበሬዎች ላይ አንድ አዲስ በሽታ አየ። ፀሐይ የሚነካው ቆዳቸው ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ይላጣል። አንገታቸው ዙሪያ ልክ ማተብ እንደሚታሰርበት ቦታ ቀለበት ይሠራል፤ ዛሬም ሐኪሞች የካሳል ሐብል ይሉታል። ከቆዳው ተቅማጥ ይከተላል፣ ከተቅማጡ የአእምሮ መታወክ፣ ካልታከመም ሞት። ካሳል የታማሚዎቹ ዋና ምግብ በቆሎ መሆኑን አስተውሏል። በ1771 ጣሊያናዊው ፍራፖሊ ለበሽታው ስም ሰጠው፤ ፔላግራ፣ ሻካራ ቆዳ ማለት ነው።

የሰሜን ጣሊያን ገበሬ ፖሌንታ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ጠዋትም ማታም ይበላ ነበር፣ ሥጋና ወተት ለባለመሬቱ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በዚያች አገር ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ የፔላግራ ታማሚዎች ተቆጥረዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል፣ ስመ ጥሩ ቼዛሬ ሎምብሮሶ የሻገተ በቆሎ መርዝ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ብዙዎች አመኑት። ይቺን ነገር መርካቶ ላይ ሳስባት ትገርመኛለች። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ የአገሬውን ሰው ለይተው ወደዚህ አዛወሩትና የገበያን የጣሊያንኛ ስም ጥለውልን ሄዱ። መርካቶም ፔላግራም ከአንድ አገር የመጡ ቃላት ናቸው፤ አንዱን በየቀኑ እንጠራዋለን፣ ሁለተኛውን ብዙዎቻችን ሰምተነው አናውቅም።

አሜሪካ ላይ ደግሞ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በሽታው በደቡቡ ክፍለ አገር እንደ ወረርሽኝ ተነሳ። እስከ 1940 ባለው ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ መቶ ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። አብዛኞቹ በጥጥ እርሻ እኩል አራሽ የሆኑ ድሆች፣ ጥቁርም ነጭም፣ ነበሩ። የጊዜው ሐኪሞች ተላላፊ በሽታ ነው አሉ። በ1914 መንግሥት ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም ላከ።

ጎልድበርገር መጀመሪያ ያየው ቀላል ነገር ነበር፤ በሕፃናት ማሳደጊያውና በአእምሮ ሕሙማን ቤቱ ታማሚዎቹ ይታመማሉ፣ ሠራተኞቹ ግን አይታመሙም። ተላላፊ ከሆነ ሠራተኛውን ማን ይምረዋል? ልዩነቱ ማዕዱ ላይ ነበር። በማሳደጊያዎቹ ወተት፣ ሥጋና እንቁላል ሲጨመር በሽታው ጠፋ። አላመኑትም። በ1915 በሚሲሲፒ በአንድ የእስረኞች እርሻ ምሕረት የተገባላቸውን ጤነኛ ፈቃደኛ እስረኞች በበቆሎ ቂጣ፣ በሩዝ፣ በስኳር ድንችና በሽሮፕ ብቻ መገባቸው። በስድስት ወር ውስጥ ከ11ዱ 6ቱ ፔላግራ ያዛቸው። አሁንም አላመኑትም። በ1916 እሱ፣ ሚስቱና የሥራ ባልደረቦቹ የታማሚዎችን ደም ተወጉ፤ እሱና ሌሎቹ ደግሞ የታማሚዎችን የቆዳ ቅርፊትና እዳሪ በዱቄት ጠቅልለው ዋጡ። ማንም አልታመመም። እኔ ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ትክክል ነው። የእስረኞቹ ሙከራም ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያሳልፈው አይደለም። ሰውየው ግን ድህነትን በሽታ ነው ለማለት የሚከብዳቸውን ሰዎች የሚያሳምንበት ሌላ መንገድ አላገኘም።

ጎልድበርገር የጎደለው ነገር ምግብ ውስጥ እንዳለና እርሾም እንደሚፈውስ አወቀ። ንጥረ ነገሩን ግን ሳያገኘው በ1929 ሞተ።

አሳፋሪ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ንጥረ ነገሩ ከ1867 ጀምሮ በኬሚስቶች እጅ ነበር! ይባስ ብሎ በ1912 አካባቢ «ቫይታሚን» የሚለውን ቃል የፈጠረው ካዚሚር ፉንክ፣ ጃፓን ውስጥም ኡሜታሮ ሱዙኪ፣ ከሩዝ ገለባ ኒኮቲኒክ አሲድን ለይተው አውጥተውት ነበር። የሚፈልጉት ግን የቤሪቤሪን መድኃኒት ነበረ። አሲዱ ቤሪቤሪን አልፈወሰም፤ ወደ ጎን ተደረገ። የፔላግራ መድኃኒት እጃቸው ገብቶ ሲወጣ በዚያው ዓመታት ሰው በፔላግራ ይሞት ነበር። ማንንም መውቀስ ይከብዳል፤ የሚፈልጉትን ያላገኙ ሰዎች ያገኙትን አላወቁትም።

በ1937 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮንራድ ኤልቪየምና ባልደረቦቹ ጥቁር ምላስ በሚባል ተመሳሳይ በሽታ የተያዘ ውሻ ላይ ኒኮቲኒክ አሲድ ሞከሩ። 30 ሚሊ ግራም ሰጡት። ምግብ እምቢ ብሎ የተኛው ውሻ ተነስቶ መብላት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል ውስጥ ለሞት የተቃረቡ ሰዎች በዚሁ አሲድ ይድኑ ጀመር። ያ አሲድ ሰውነታችን ከምግብ ኃይል ሲያወጣ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግርበት ተሸካሚ አካል እንደሆነም በዚያው አካባቢ ዓመታት ታውቆ ነበር። መርካቶኛ ካልኩት ኩሊ ነው፤ ሸክሙን ይቀበላል፣ ያደርሳል፣ ባዶውን ተመልሶ ሌላ ይሸከማል። ኩሊው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው ሥራ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ ቆዳ፣ አንጀት፣ አእምሮ።

የስሙ ጣጣም የመጣው ያኔ ነው። አሜሪካኖች አሲዱን ዱቄት ላይ ሊጨምሩ ሲሉ ሕዝቡ ኒኮቲኒክ የሚለውን ሲሰማ «ዳቦ ውስጥ ትምባሆ ሊያበሉን ነው» እንዳይል ተፈራ። ስለዚህ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኒያሲን የሚል ስም ወጣለት። በከረጢትና በቆርቆሮ ምግብ ላይ ኒያሲን የሚለውን ካያችሁ ያው የኛው ሰው ነው፣ ክርስትና ስሙን ቀይሮ።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በቆሎ ሲመረመር ኒኮቲኒክ አሲድ አለበት። ከሌሎች እህሎች እጅግ ያነሰም አይደለም። ታዲያ በቆሎ በላተኛ ለምን ይታመማል? ሜክሲኮዎች ደግሞ በቆሎን ከማንም በፊት፣ ከማንም በላይ እየበሉ ለምን አልታመሙም?

መልሱ እንደገና ሞሎኪውሉ ቅርጽ ላይ ነው። ሁለት ጫፍ አለው ብዬ ነበር። አብሽና ቡና ውስጥ የተዘጋው የናይትሮጅኑ ጫፍ ነው። በቆሎ ውስጥ የተዘጋው ሌላኛው ጫፍ፣ የአሲዱ ነው። በደረሰ በቆሎ ውስጥ አብዛኛው አሲድ ከስኳር ሰንሰለቶች ጋር ተቋጥሮ ይኖራል። የሆዳችን ኢንዛይም ቋጠሮውን አይፈታም፤ አሲዱ እንደታሰረ ገብቶ እንደታሰረ ይወጣል። ቋጠሮውን በደንብ የሚፈታው አልካሊ ነው፤ ኖራ ወይም አመድ። የሜክሲኮ እናቶች ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ አጥበው ነው የሚፈጩት። ለምን እንደሚያደርጉት ቢጠየቁ ገለፈቱ እንዲለቅና ሊጡ እንዲይዝ ይሉ ይሆናል። የአውሮፓ መርከበኞች ዘሩን በከረጢት ይዘው መጡ፤ የኖራውን ድስት ግን እዚያው ተውት። ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ በሽታ የመጣው አንድ የወጥ ቤት እርምጃ ተረስቶ ነው።

እኛም ዘንድ በቆሎ የመጣው ያለ ኖራው ነው። ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ቂጣ እንጋግራለን፣ ጠላ እንጠምቃለን፣ እንጀራም እናደርገዋለን፤ በኖራ ግን አንቀቅልም። የእንጀራው ሊጥ ቦክቶ ይጎመዝዛል፣ ወደ አሲድ ይሄዳል፤ ኖራ የሚሠራው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። ታዲያ ምን ጠበቀን? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ጠባቂ ወጡ ነው። ሰውነታችን ትሪፕቶፋን ከሚባል የፕሮቲን ክፍል ኒያሲንን ራሱ መሥራት ይችላል፤ ከ60 ሚሊ ግራም ትሪፕቶፋን አንድ ሚሊ ግራም ያህል። የበቆሎ ፕሮቲን በትሪፕቶፋን ድሃ ነው፤ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ምስሩ የተሻለ ነው። በቆሎ እንጀራ ላይ ሽሮ የፈሰሰበት ቤት ሁለቱን ሳያውቅ ያገናኛል። አደጋው ሽሮው ሲቀጥን ነው። በ1990 ማላዊ ውስጥ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ የሆነው ይሄው ነበር፤ የዕርዳታው ራሽን በቆሎ ሆኖ ኦቾሎኒው ሲቋረጥ ከ17,000 በላይ ሰው ፔላግራ ያዘው። ይሄ የሆነው መድኃኒቱ ከታወቀ ከ50 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛ ጠባቂ እሸት ነው። ይቺን ሳነብ ደስ ብሎኛል። አሲዱ በስኳሩ የሚቋጠረው ፍሬው እየደረሰ፣ እየደረቀ ሲሄድ ነው። ገና ወተት የያዘው እሸት ውስጥ ነፃ የሆነው ድርሻ ይበልጣል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እሸት በቆሎ ከደረቁ የተሻለ የኒያሲን ምንጭ እንደሆነ አሳይቷል። ክረምት ላይ መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥለው እሸት የሚጠብሱት ሴቶች ታዲያ ከደረቁ ዱቄት የተሻለ ነገር ነው የሚሸጡልን። ችግሩ እሸት ወቅት አለው፤ ርሃብ ደግሞ የሚበረታው ጎተራ ሊያልቅ ሲል ነው።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። «ቡና ቫይታሚን ስለሆነ ከምግብ ይተካል» የሚል ነገር በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዞር አይቻለሁ። አይተካም። በቀን አምስት ስኒ የሚጠጣ ሰው እንኳ ከሚያስፈልገው ሢሶውን ቢያገኝ ነው። ግን ማዕዱ በጣም በሳሳ ቤት አንድ ሢሶ ቀላል አይደለም፤ ይሄንንም መካድ ልክ አይሆንም።

ከቀለበቱ ሳንወጣ አንድ እርምጃ ብንራመድስ? የአሲድ ቡድኑን ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ቦታ አዛውሩት። ስሙ አይሶኒኮቲኒክ አሲድ ይሆናል፤ ቫይታሚንነቱም ይቀራል። ግን ፈረንሳዊው ቪታል ሾሪን በ1945 የቫይታሚኑ ወንድም የሆነው ኒኮቲናማይድ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ እንደሚያዳክም ካየ በኋላ፣ ኬሚስቶች የቀለበቱን ዘመዶች ሁሉ እየሞከሩ ሄዱና በ1952 ከአራተኛው ቦታ አሲድ የተሠራው አይሶናያዚድ ኃይለኛ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የተሠራው ግን በ1912 ፕራግ ውስጥ ነበር፤ ይሄም አርባ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያ የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው ከሚውጣቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ዘመድነቱ ደግሞ መዘዝ አለው፤ አይሶናያዚድ ሰውነት ከትሪፕቶፋን ኒያሲን የሚሠራበትን መንገድ ስለሚያውክ፣ በደንብ የማይመገብ የቲቢ ታካሚ አልፎ አልፎ ፔላግራ ሊይዘው ይችላል። መድኃኒት ላይ እያለ አንገቱና እጁ ፀሐይ የነካው ቦታ የሚላጥበት ሰው ካያችሁ «ፀሐይ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቋርጥ።

አሁን ከበርበሬ በረንዳ ወጥተን እህል በረንዳ እንግባ። ጤፍ እየተወደደ በሄደ ቁጥር ቤተሰቡ ወደ በቆሎው ከረጢት ይጠጋል፤ መጀመሪያ ለመደባለቅ፣ ከዚያ ድርሻውን እየጨመረ። በመላው አገሪቱ በቆሎ ዛሬ በምርት ብዛት ከእህሎች ሁሉ አንደኛ ነው። ስለዚህ የበቆሎው ጥያቄ የድሮ የስፔን ገበሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ተመራማሪዎች ከኖራ ሌላ መንገድ ሞክረዋል፤ ፍሬውን ራሱን መቀየር። በ1960ዎቹ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የበቆሎን ትሪፕቶፋንና ላይሲን በእጥፍ ገደማ የሚያሳድግ የተፈጥሮ ዘረመል እንዳለ ታወቀ። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች ፍሬያቸው ለስላሳ፣ ነቀዝ የሚወደው ነበር። ሜክሲኮ ውስጥ ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ ለዓመታት ደክመው ጠንካራ አደረጉት፤ በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተውበታል። እኛም ጋ ባኮ ምርምር ማዕከል በ2001 ገቢሳ የተባለውን የመጀመሪያውን ዝርያ ለቀቀ፤ ሌሎችም ተከትለዋል።

ያንን በቆሎ እህል በረንዳ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ቢኖርም አታውቁትም። ዘሩ በዓይን አይለይም፣ በእጅ ቢዘገን አይለይም፣ ሲፈጭም ዱቄቱ ያው ነጭ ነው። ነጋዴው የሚያየው እርጥበቱን፣ ነቀዙንና ንጣቱን ነው፤ ለትሪፕቶፋን ዋጋ የሚጨምር የለም። ገበሬውም ለይቶ ቢያመርተው መርካቶ ሲደርስ ከሌላው ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ይገለበጣል። እኔም ባለፈው አንዱን ነጋዴ ይሄንን ስጠይቀው ከረጢቱን ከፍቶ እፍኝ አነሳና «እየው፣ አንደኛ በቆሎ ነው፤ ሌላ ምን ፈለግክ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንደኛ በቆሎ ነበር።